መልሱ ሸክላው ላይ ነው

ሰፈሩ «ባለሸክላዋ» ነው የሚላት። መታወቂያዋን ያየ ካልሆነ በስተቀር ስሟን የሚያውቅ የለም። ሥራዋ አበባ መሸጥ ነው፤ አበባውን ግን እንደ ሌላው ነጋዴ በላስቲክ ወይም በቆርቆሮ አታደርገውም፣ በሸክላ ነው የምትተክለው። ከሱቁ በር እስከ ጓሮው አጥር ድረስ ሸክላ በሸክላ ላይ ተደራርቧል፤ ትልቁ፣ ትንሹ፣ አፉ የተሸረፈው፣ ጆሮው የወለቀው። ደንበኛ እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ በጎን በጎኑ እየተሽሎከለከ ይገባል። «ምነው በላስቲክ ብታደርጊው፤ አይቀልሽም?» ሲሏት «ሸክላ ይተነፍሳል» ብላ ትዘጋቸዋለች። መተንፈሱስ ይተነፍሳል። እሷ ግን ሸክላ ላይ ሙጭጭ ያለችው በዚህ አይደለም። ምክንያቱን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን ነገር አምቆ መያዝ አልችልበትምና እነግራችኋለሁ።

ወጣት ሳለች ከታላቅ ወንድሟ ጋር ከወላጆቻቸው በቀረላቸው ቤት ይኖሩ ነበር። ወንድሟ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ግቢው ጥግ ያለችውን አንዲት ክፍል ለአንድ ሰው አከራዩት። ተከራዩ ሬዲዮና የድሮ የሸክላ ማጫወቻ የሚጠግን ባለሙያ ነበር። የዚህ ሰውዬ ነገር ያስቃል፤ ቀኑን ሙሉ ድምፅ የጠፋበትን ዕቃ ሁሉ ሲያስጮህ ይውላል፣ የራሱ አፍ ግን የተሰፋ ነው። «እንደምን አደርክ?» ሲሉት አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ከእሷ ጋር ብቻ ይጫወታል። እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች፣ እሱ ይፈታል፣ ይገጥማል፤ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ እሷም ትስቃለች። እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት አለፈ። ወዳዋለች። እሱም እንደወደዳት ዓይኑ ይናገራል፤ ከዓይኑ በቀር ግን የሚናገር ነገር የለውም።

ትዕግሥትም ልክ አለው። አንድ ቀን አክስቷ ታመው ለማስታመም ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ማርጀቴ ነው እንዴ? ታገባኛለህ ወይስ አታገባኝም? በሳምንቱ እመለሳለሁ፤ መልስህን ይዘህ ጠብቀኝ።»

ተከራዩ ላብ በላብ ሆነ። መፍቻው ከእጁ ወደቀ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ እሷ የውጭውን በር አልፋለች። ሴት ልጅ ወንድን እንዲህ ብላ መጠየቋ ያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም፤ መንገዱን ሁሉ ፊቷ እንደጋለ ሄደች።

በሳምንቱ ስትመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ወንድሟ ምሳውን እየበላ ነገራት።

«ተከራያችን ሄደ። ሩቅ ቦታ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ፓምፕና ሞተር የሚጠግን ሰው ፈልጎ ቀጥሮት የለም? መኪናው ከተባለው ቀን ሦስት ቀን ቀድሞ መጣበትና ተጣድፎ ሄደ። ያን የነሐስ መብራቱን ‹ለእህትህ ስጥልኝ› ብሏል። በሩ ላይ ያለው አበባም መውሰጃ ስላጣ ቀርቷል። ደግሞ መልእክት አለሽ፤ ‹መልሴ ሸክላው ላይ ነው በላት› ብሏል። የምን መልስ ነው?»

«የአበባ መድኃኒት ጠይቄው ነው» አለች፣ ሳታስበው።

እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በሩ ላይ አንድ የአበባ ሸክላ አለ፣ ቀይ አበባ የተተከለበት። «መልሴ ሸክላው ላይ ነው» የተባለች ልጅ ወዴት ትሮጣለች? ሸክላውን ዞራ ዞራ አየችው። ገልብጣ ቂጡን አየችው። ጽሑፍ የለም። አፈሩን በጣቷ ቆፈረች፤ ከዚያም የማዳበሪያ ጆንያ ዘርግታ ሙሉ በሙሉ ደፋችውና በእፍኝ በእፍኝ አበጠረችው። ያገኘችው ሥርና ትል ነው። አፈሩን መልሳ፣ አበባውን ተክላ፣ እጇን ሳትታጠብ አለቀሰች።

ከወር በኋላ ወንድሟ ወደ ድልድዩ ከተማ በሚሄደው የቅዳሜ አውቶቡስ ላይ ተመድቦ ስለነበር ወሬ ይዞላት መጣ። «ተከራያችንን አገኘሁት። ‹መልእክቴን አደረስክ?› አለኝ። ‹ሳልጨምር ሳልቀንስ› አልኩት። ‹ምን አለች?› አለኝ። ‹ምንም አላለች› አልኩት። የምትዪው ነገር ካለ ልንገርልሽ?»

«ምንም የለኝም» አለች። ደሟ ፈልቶ ነበር። ባዶ ሸክላ ትቶልኝ ደግሞ ደረሰሽ ወይ ይላል? ሊያሾፍብኝ ነው? ‹መልሱን አላገኘሁትም በልልኝ› ብትል እኮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ለታላቅ ወንድም ይህ እንዴት ይነገራል? «ጋሼ፣ አንድ ወንድ አግባኝ ብዬው፣ መልሱን አፈር ውስጥ ስፈልግ ከረምኩ» ይባላል? በዚሁ ቀረ።

ሸክላውን ግን አልጣለችውም። ተናዳለች፣ ተስፋም አልቆረጠችም፤ ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የደረሰበት ያውቀዋል። አንዳንድ ቀን እንዲህ ትላለች፦ ሸክላው ላይ ያለው ምንድን ነው? አበባው ነው። ምናልባት ‹እስኪ አቆይልኝ፣ እመጣለሁ› ማለቱ ይሆናል። ስለዚህ ውሃ አጠጣችው። ሲበዛ ገንጥላ ሌላ ሸክላ ላይ ተከለችው፤ ያም ሲበዛ ሌላ። ጎረቤት ጠየቃት፣ ሸጠችለት። ከዓመታት በኋላ ሱቅ ከፈተች። ሊያገቧት የመጡ ነበሩ፤ አንዱ መምህር፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ ደህና ሰዎች ናቸው። ለሁለቱም «አሁን አልችልም» አለቻቸው፤ መቼ እንደምትችል ግን አልነገረቻቸውም። ተከራዩ ድልድዩ ካለቀ በኋላ ከሠራተኞቹ ጋር ወደ ሌላ አገር ማለፉን፣ ቆይቶም እዚያው አግብቶ መውለዱን ከወንድሟ ሰማች። ያን ዕለት ሱቁን ዘግታ ዋለች፤ በማግስቱ ከፈተች።

መብራቱን ሱቁ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ነሐስ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ራሱ ላይ እንደ ደወል የተደፋ ትልቅ ጥላ ያለው መብራት ነው። በርቶ አያውቅም። የኤሌክትሪክ ሽቦ የለው፣ ክር የለው፣ ጋዝ መጨመሪያ የለው። ተንጠልጣይ ሐረግ አንገቱ ላይ አስራ ትወለውለዋለች፣ በቃ። ሃያ ስድስት ዓመት ወለወለችው።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ እያለከለከ ገባ። ኮፍያው ተንሻፏል፣ ቦርሳው ብብቱ ውስጥ ነው። ወንድሟ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደለመደው፣ ጥግ ላይ ጋዜጣውን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አየውና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

«ይቅርታ እመቤት፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ በመስኮቱ አይቼ ነው። ከሚቀጥለው ፌርማታ ሮጬ ተመለስኩ። ጥርስ ሐኪም ነኝ። ነበርኩ። ይሄ መብራት የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው፤ ግን አይበራም።»

«አይበራማ! ከየት አምጥቶ ይበራል?» ሰውየው ደስታውን መደበቅ አቃተው። «ሸክላዎቹስ? አብረውት ሸክላዎች የሉም?»

ባለሸክላዋ ዙሪያዋን አየች፤ ከወለል እስከ ጣሪያ። «ዶክተር፣ ሸክላ ነው የቸገርዎት? የትኛውን ልስጥዎት? ትልቅ? ትንሽ? ጆሮ ያለው?»

ጥርስ ሐኪሙ ሳቀ፤ ኮፍያው ወልቆ አንድ ችግኝ ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። «ይሄን ሸክላ አይደለም የምልዎት፤ የሚዘፍነውን ሸክላ ነው። ይሄ እኮ መብራት አይደለም። ግራሞፎን ነው።»

እሷም አብራው ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ። የሚዘፍን ሸክላ። ሸክላ ማለት ያም ጭምር መሆኑን የማያውቅ የለም፣ እሷም ታውቃለች፤ ስንት ሰርግ ላይ ሲዘፍን ሰምታዋለች። ግን ያን ቀን፣ ከዚያም ወዲህ ባሉት ቀናት ሁሉ፣ አንድም ጊዜ በሐሳቧ ዝር አላለም።

ሰውየው ፊቷን ልብ አላለውም። ሰብሳቢ ሰው ስለ ዕቃው ማውራት ከጀመረ ቤቱ ቢቃጠልም አያቆም። «ያን ጊዜ፣ ግራሞፎን ሲጀመር፣ ጡሩንባው የትየለሌ ነበር። የቤት እመቤቶች ‹ሳሎናችንን አበላሸብን› አሉ። ሠሪዎቹ ምን ያድርጉ? ይደብቁት ጀመር። እኔ ዘንድ የዓለም ካርታ ሉል መስሎ ሆዱ የሚከፈት አለ። ፎቶ ማንሻ መስሎ የሚታጠፍ አለ። ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ አለ፣ የኪስ ሰዓት አባት ነው የሚመስለው። እንደ ማራገቢያ በተሸበሸበ ወረቀት የሚጮህ አለ፣ ጡሩንባ የሚባል ነገር የሌለው። ቸኮሌት ላይ የተቀረጸ ዘፈን የሚያጫውት ነበር ይላሉ፤ ልጁ ሰምቶ ሰምቶ ሲሰለቸው ይበላዋል።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን ያደርጉለታል?» አለ ወንድሟ ከጋዜጣው ጀርባ።

«እሱን ባለቤቴም ትጠይቀኛለች።» ሐኪሙ አሰብ አደረገ። «ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ስከፍት ኖሬያለሁ፤ ከዚያ የሚወጣው ያው ‹አሀ› ነው። እነዚህ ግን አፋቸውን ደብቀው ነው የተሠሩት። ሌላው ሰው አልፏቸው ይሄዳል። ከፍቼ ድምፃቸውን ስሰማ እኔን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስለኛል። መብራቱን ግን አሥራ ስምንት ዓመት ፈለግሁት። ሥዕሉን ከአንድ የድሮ መጽሐፍ ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። ባለቤቴ ‹የኔን ፎቶ ይዘህ አታውቅም› ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።»

«ዶክተር» አለች ባለሸክላዋ። «ሸክላው የት ነው የሚቀመጠው?»

ሐረጉን ፈታላት። የመብራቱን ሆድ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግራ ጠመዘዘው፤ ትንሽ እምቢ አለና ተከፈተ። ውስጡ በአረንጓዴ ጨርቅ የተለበጠ ሳህን ነው። መጠምዘዣው እጀታ ጎኑ ላይ ተቆልፎ ተቀምጧል። ሳህኑ ላይ አንድ ግራጫ ሸክላ ተኝቷል፣ ሲተዉት እንደነበረ።

ሐኪሙ በጥፍሩ ነካ አደረገው። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ የተገዛ አይደለም» አለ። «አሉሚኒየም ነው። ሰው እቤቱ ተቀምጦ የራሱን ድምፅ የቀዳበት ነው።»

ባለሸክላዋ ወንበር ያለ መስሏት ተቀመጠች። የተቀመጠችው አንድ ሸክላ ላይ ነው፤ ሸክላው ስንጥቅ አለ፣ እሷ ግን አልሰማችውም። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባት። ለተከራዩ ሸክላ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባለሙያ እንዲህ ነው፤ እሱ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ከክፍሉ ዘፈን ሲወጣ እሷ ሬዲዮ ይመስላት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሰማች የመብራቱን ምሥጢር አውቃለች ብሎ ቆጠረ። በእሷ ቤት ደግሞ ሸክላ ማለት አፈር የሚይዘው ነው። መልሱ ከሷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ እሷ በየሳምንቱ በጨርቅ ክዳኑን እየወለወለች፣ ሃያ ስድስት ዓመት አፈር ስታጠጣ ኖረች። መልሱ ምን እንደሆነ ሳታውቀው ለመሞት አንድ ሐሙስ ቀርቷት እንደነበር አሰበች፤ ከዚህ በላይ ደግሞ አሁን ማወቁን ፈራችው። አይሆንም ያላት እንደሆነስ?

«ያጫውቱት» አለች።

«በብረት መርፌ አይሆንም፤ አሉሚኒየሙን ይፍቀዋል። የእንጨት መርፌ ወይም እሾህ ነው የሚፈልገው።» ሐኪሙ ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ አንድ ቁልቋል ላይ ዐረፈ። ከእሾሁ ረዘም ያለውን መርጦ ቆረጠ፣ በኪሱ ሴንጢ አሾለው፣ ድሮ ጥርስ ሲሞላ በነበረበት ጥንቃቄ ቦታው ላይ አጠበቀው። እጀታውን ጠመዘዘ። ሳህኑ መዞር ጀመረ። እሾሁን የሸክላው ጠርዝ ላይ አሳረፈው።

እሾሁ ሲጥጥ ብሎ ወደ ውጭ ተንሸራተተ። እንደገና አሳረፈው፤ እንደገና ተንሸራተተ። ሦስተኛም እንዲሁ።

«ባዶ ነው» አለች ባለሸክላዋ። ብድግ ብላ የውሃ ማጠጫዋን አነሳች። «ድሮም ባዶ ነበር። ይተዉት ዶክተር፤ መብራቱን ይውሰዱት።»

ሐኪሙ ግን ከቦርሳው የዓይን ማጉያውን አውጥቶ ሸክላው ላይ ተደፋ፤ አፍንጫው ሊነካው ትንሽ ቀረው። «ቆይ፣ ቆይ፣ እመቤት» አለ። «ይሄ ሰው የድሮ ዕቃ ሲጠግን የኖረ ነው መሰለኝ። ከቀድሞዎቹ ሸክላዎች ከመሐል የሚጀምሩ ነበሩ፤ ይሄንም እንደነሱ አድርጎ ነው የቀዳው። ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው።» እሾሁን ለወጠ፤ መሐሉ ላይ ከተለጠፈው ክብ ወረቀት ጥግ አሳረፈው።

መጀመሪያ ሽርር የሚል ድምፅ ብቻ ነበር፣ ጤፍ የሚነፋ ይመስላል። ከዚያ ከጥላው ሥር አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ።»

«አቤት» አለች ባለሸክላዋ፣ ሳይታወቃት። ወንድሟ ጋዜጣውን አወረደ።

«እኔ ነኝ። ይሄ ስድስተኛው ነው፤ አምስቱን አበላሸሁ። ፊት ለፊትሽ ብሆን ይሄን ሁሉ አልናገርም፤ ታውቂኛለሽ። መኪናው ነገ ሊወስደኝ ነው፤ አንቺን ልጠብቅሽ ብል እምቢ አሉኝ። መልሴ አዎ ነው። ሳትጠይቂኝም አዎ ነበር፤ አፌ ነው እምቢ ያለኝ። ድልድዩ ጋ ስምንት ወር እቆያለሁ። አንድ ክፍል እንሰጥሃለን ብለውኛል፤ መስኮት አለው፣ ጠይቄያለሁ። ነይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከናንተ የሚመጣ አውቶቡስ አለ። ሁልጊዜ ወጥቼ አያለሁ። ካልመጣሽ ሐሳብሽን ቀይረሻል ማለት ነው፤ አልቀየምሽም፣ ሁለተኛም አላስቸግርሽም። ሰማሽ?»

እዚህ ላይ ዝም አለ። መልስ የሚጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው ነው ዝም ያለው፤ እሾሁ ሽር ይላል፣ ሳህኑ ይዞራል። ቆይቶ ትንፋሹ ተሰማና «እሺ» አለ። እሾሁ ከጠርዙ ወጣ። ሐኪሙ ሳህኑን በጣቱ አቆመው።

ባለሸክላዋ የውሃ ማጠጫዋን እንደያዘች ነው፤ ውሃው ጫማዋ ላይ ይፈሳል። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ወንድሟ ነው።

«ነበር እኮ» አለ። ጋዜጣው በእጁ ውስጥ ተጨማደደ። «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚያ መናኸሪያው ግንብ ላይ ተደግፎ። ድልድዩ እስኪያልቅ ድረስ። ሰው ወርዶ እስኪያልቅ ያያል፣ የመጨረሻው ሲወርድ ኮፍያውን አድርጎ ይሄዳል። ዕቃ የሚላክለት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድበት ‹ግባና ተጠለል› አልኩት። ገባ፤ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየና ‹ሁሉም ወረዱ?› አለኝ። ‹ሁሉም› አልኩት።»

«ጋሼ፣ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ያንቺ ጉዳይ መሆኑን በምን ልወቅ? የአበባ መድኃኒት አልሽኝ። አንቺስ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ወንድሜ ነህ። እንዴት ብዬ?»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ቀን ሰው ሳይጭን ቀርቶ የማያውቅ፣ መልእክት ሳያደርስ ቀርቶ የማያውቅ፣ በዚህም ሲኮራ የኖረ ሰው ነው። እንባውን በጋዜጣው ጠረገ። በዕድሜዋ ታላቅ ወንድሟ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ሄዳ አጠገቡ ቆመችና እጇን ጀርባው ላይ አደረገች፤ ልትቆጣው ነበር፣ ቁጣው ግን የት እንደገባ ጠፋት። ያገኘችው ናፍቆት ብቻ ነው፣ ያውም እንደ ትናንት የሆነ። ያ ሰው አልሳቀባትም። ስምንት ወር ሙሉ አውቶቡስ ላይ እሷን ሲፈልግ፣ እሷ ደግሞ እዚህ አፈር ላይ እሱን ስትፈልግ ነበር።

ጥርስ ሐኪሙ የተጨማደደ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ ሴንጢውን አወጣና አንድም ቃል ሳይናገር እሾህ ይቆርጥ፣ ያሾል ጀመር። አራት እሾሆች ባንኮኒው ላይ ደረደረ።

«መብራቱን ይውሰዱት ብዬዎታለሁ» አለች ባለሸክላዋ። «ቃሌን አላጥፍም።»

«እመቤት፣ ብዙ ጥርስ ነቅያለሁ፤ ያለ ማደንዘዣ ነቅዬ ግን አላውቅም። ይሄን ከዚህ መውሰድ እንደዚያ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ፈለግሁት፣ አየሁት፣ ድምፁንም ሰማሁት፤ ይበቃኛል።» እንዳልበቃው ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ተናገረው። «አንድ ነገር ልንገርዎት። አንዱን እሾህ አንዴ ብቻ ነው የሚጠቀሙበት፣ ከዚያ ይጣላል። ሸክላውም ዘላለማዊ አይደለም። በተጫወተ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያልቃል። ስለዚህ ደህና አድርገው ይስሙት።»

ሊወጣ ሲል ጠራችው። ከመደርደሪያው ከቀዩ አበባ አንዱን አንስታ አስታቀፈችው። «ከኔ ቤት ሸክላ ሳይዙ አይወጡም» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳቀች። ሐኪሙም አመስግኖ ሸክላውን ታቅፎ ወጣ። መንገዱን ሲሻገር ዘወር ብሎ መስኮቱን ሁለቴ አየ።

ባለሸክላዋ እጇን ታጠበች። በቀሚሷ አደረቀችው፣ ደግማም በጨርቅ አደረቀችው። አንዱን እሾህ ወስዳ ሐኪሙ ሲያደርግ እንዳየችው አጠበቀችው፣ እጀታውን ጠመዘዘች። ወንድሟ ሊወጣላት ብድግ አለ።

«ቁጭ በል ጋሼ» አለችው። «ከእንግዲህ ምን የምደብቅህ አለኝ?»

ቁጭ አለ። እሾሁን ከመሐሉ አሳረፈችው።

«አንቺ» አለ ሸክላው።

«አቤት» አለች፤ አሁን አውቃ ነው። ስለ አምስቱ የተበላሹ ሸክላዎች ሰማች፤ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ቅዳሜው አውቶቡስ ሰማች። ወደ ጥላው ተጠግታ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች።

«ሰማሽ?» አለ ድምፁ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቃት።

«ሰማሁ» አለች። «እመጣ ነበር እኮ።»

«እሺ» አለ።